የሚት ሐዘን አምስት ቀን ነው

ውድ ሎክማኒ፣

ጨው በላሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተህ ከምትቀየመኝ። ከማን ልሰማ ነው እንዳትለኝ። ያገርህ የጉልሚ ሰው ወሬ ለማድረስ ከሆነ የት እንደሚደርስ አንተ ታውቃለህ።

አሁን ጣራው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ረፋድ ነው፣ ሱቁን አልከፈትኩም። አከራያችን አሻራትና ከታች ሆኖ «ሐስታ! ሰው ቆብ ሊለካ መጥቷል!» እያለ ይጮሃል። «ጭንቅላቱን ይዞ ነገ ይምጣ በለው» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው፤ የሰው ጭንቅላት መለካት አስጠልቶኛል። የራሴን እንኳ፣ የተላጨውን፣ በመዳፌ ስዳስሰው የሌላ ሰው ይመስለኛል።

የምጽፍልህ ከሐዘኑ በኋላ አንድ ነገር ሰምቼ ለማንም መናገር ስላልቻልኩ ነው። ለማን ልንገረው? እህቴ በየበዓሉ ትደውልና «ወንድምዬ፣ ዘንድሮስ?» ትለኛለች፤ ዘንድሮስ ማለቷ ሚስት ነው። አባቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ወታደር ጡረታ ወጣ እንጂ ትእዛዝ መስጠት አልተወም። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሰሞን ያመጣልኝን ልጅ እንቢ ስለው «ከእንግዲህ ሙሽራ ካልያዝክ ደጄን እንዳትረግጥ» አለኝ። እኔም ቃሉን አከበርኩለት። እና ያለኸኝ አንተ ነህ። ሞተህም ያለኸኝ አንተው ነህ፤ ምን ይሉታል ይሄን።

ደግሞ ምን ዓይነት ኑሮ ነበር የኖርነው እባክህ! ለሚያየው ሰው የሚያዛጋ ኑሮ። አንተ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከጂኦግራፊህ ጋር፤ እኔ ሱቅ፣ ቆብ ከምሰፋበት ከዳካ ጨርቄና ከስፌት መኪናዬ ጋር። ማታ ሩዝና ምስር። ምስሩን አንተ ስትሠራው ውሃ ነው፣ እኔ ስሠራው በርበሬ። «የማጋር ልጅ፣ ምላስህ ጫማ ቆዳ ነው» ትለኛለህ። «የባሁን ልጅ፣ ያንተ ምላስ ለጸሎት ብቻ ነው የተሠራው» እልሃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሻራትና የካሮም መጫወቻ ሰሌዳውን ተሸክሞ ይመጣል። እሱ እያሳለ ጠጠሯን በክርኑ ገፋ ያደርጋታል፣ አንተ እያየህ ዝም ትላለህ። ለምን ዝም ትላለህ ስልህ «ለአከራይ መሸነፍ የኪራዩ አካል ነው» አልከኝ። እኔ ግን አንድም ቀን ዝም ብዬው አላውቅም።

አበቦቼስ! ጫካ ውስጥ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ሄጄ ግንዱ ላይ የበቀለውን ሱናካሪ አበባ እየለቀምኩ፣ በኮኮናት ቅርፊት ላይ እያሰርኩ ጣራውን ሞላሁት። «ሰው ድንች ይተክላል፣ የኔው ጉድ አየር ላይ የሚንጠለጠል ነገር ይተክላል» እያልክ ለጎረቤት ሁሉ ታወራብኝ ነበር። እኔ ለጨርቅ ወደ ድንበር ስወርድ ግን ውሃ የምታጠጣቸው አንተ ነህ። አበዝተህ ታጠጣና ሥራቸውን ታበሰብስብኛለህ። ስንቱን ፈጀህብኝ! ተመልሼ ስጮህብህ «ጠምቷቸው መስሎኝ» ትላለህ፣ እንደ ሕፃን። እሷን «ጠምቷቸው መስሎኝ» የምትለዋን ሳስታውስ አንጀቴን ትበላኛለች።

ሰው «ሁለቱ ወንደላጤዎች» ይለን ነበር። አስተማሪና ልብስ ሰፊ ኪራይ ተካፍለው ቢኖሩ ማን ምን ይላል? ለሰው ዓይን ሁለት አልጋ ነበረን፤ አንደኛው ላይ የሚተኛው የተማሪዎችህ የፈተና ወረቀት ነበር። ስምንት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ደስ ብሎኝ ነበር ሎክማኒ። ያን ጊዜ አልነገርኩህም፤ ሰው በየቀኑ ደስ ሲለው ይናገራል እንዴ?

ከዚያ እግርህ አበጠ። «ዳገቱ ነው» አልክ። የዚህ የታንሴን ከተማ ሰው ሁሉ ዳገት ይወጣል፣ የማንም እግር አላበጠም። ፊትህ ሲከተል ነው ይዤህ ቡትዋል ሆስፒታል የወረድኩት። ኩላሊትህ ማለቁን፣ ደምህ በሳምንት ሁለቴ በማሽን ካልታጠበ እንደማትኖር ሐኪሙ የነገረህ ለብቻህ ነው፤ እኔን በሩ ላይ አስቁመውኛል። «ዘመድ ነህ?» አለችኝ ነርሷ። «ጓደኛው ነኝ።» «ጓደኛ ውጪ ይጠብቅ።» ያን ዕለት ጫማህን ታቅፌ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየሁ። ስትወጣ ፊትህን አይቼ ሁሉንም አወቅሁ፤ አንተ ግን ያስጨነቀህ ሌላ ነበር። «ውጪ አስቀመጡህ?» አልከኝ። ደጋግመህ ጠየቅከኝ።

እናትህ ከጉልሚ መጡ፣ ቅቤያቸውንና የኮመጠጠ አትክልታቸውን ይዘው። የውስጠኛውን ክፍል ለቀቅንላቸው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ የቀቀልኩትን ሩዝ አይነኩም ነበር፤ የካህናት ዘር የሆነ ባሁን ከበታቹ ከማጋር እጅ ሩዝ እንዴት ይበላል! ለብቻቸው እየቀቀሉ ሲደክማቸው አንድ ቀን «ማን ያየኛል» ብለው በሉ። «ጨው አንሶታል» አሉ ደግሞ። ወደድኳቸው። እኔ እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ሴት ልጅ ቤት ውስጥ እየዞረች «ይሄን ማነው እዚህ ያስቀመጠው» ስትል መስማት ናፍቆኝ ኖሯል።

አንድ ጠዋት ሻይ ይዘው ወደኛ ገቡ። እጅህ ጸጉሬ ውስጥ ነበር። አንተ እንቅልፍ ላይ ነህ፣ አላየህም። እኔ ዓይኔን ገልጬ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ጣራው ላይ ምስር እየለቀሙ ጠሩኝ።

«ሐስታ።»

«አቤት እማማ።»

«አንተና ልጄ ሚት ሁኑ።»

እሳቸው ምስራቸውን እየለቀሙ ቀጠሉ።

«ጓደኛ ጓደኛ እያላችሁ እስከ መቼ? ነገ ልጄ አንድ ነገር ቢሆን ጓደኛ አጥር ጥግ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በእሳት ፊት የተማማለ ሚት ግን ከሥጋ ወንድም እኩል ነው። ቃሬዛ ይሸከማል። ራሱን ይላጫል፣ ነጭ ይለብሳል፣ ከጨው ይጾማል።»

«እማማ፣ እሱ አይሞትም።»

«እኔም እንደዚያው ነው የምለው» አሉ። ጠጠር አግኝተው ወረወሩ። «ደግሞ ሚት ሚቱን ያከብራል። በስሙ አይጠራውም፣ እርስዎ ነው የሚለው። አንድ አልጋ ላይ አይተኛም። አይነካካም። ነውር ነው፤ ወንድሙ ነዋ።» ይህን ሲሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ገባኝ። በአንድ እጃቸው ሰጡኝ፣ በሌላው ነሱኝ። የተናደድኩት ግን ስላላዋረዱኝ ነው። ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ፤ ምላሴን ታውቀዋለህ።

ለአንተ ስነግርህ ሳቅክ። «ሙሽራው ማነው?» አልክ።

«ወንድምህ አይደለሁም» አልኩህ።

«አውቃለሁ።»

«እና በእሳት ፊት ቆመህ ወንድሜ ነው ልትል ነው?»

«ሐስታ፣ ስሞት በር ላይ አስቁመው ‹ዘመድ ነህ?› እንዲሉህ አልፈልግም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው፤ ሕመሙ አይደለም።»

«ከማልክ ደግሞ ልትጠብቀው ነው።»

«ታውቀኛለህ» አልከኝ። አዎ፣ አውቅሃለሁ። ጾም ስትይዝ ጥርስህን ስትቦርሽ ውሃ እንዳይወርድብህ የምትጠነቀቅ ሰው ነህ። አብሬህ ስኖር ያልቀናሁበት ነገር ቢኖር አማልክትህ ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ላይ መቅናት የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። «አንተ ምረጥ፣ ያልከው ይሁን» አልከኝ። የቀረኝን ዕድሜ አቅፈኸኝ መተኛት ይሻልሃል ወይስ የሞትኩ ዕለት ቃሬዛዬን መሸከም ማለትህ እኮ ነው። ይህንን ለሰው ምረጥ ይባላል? ግን በሩ ላይ ጫማህን ታቅፌ የቆየሁበት ቀን ታወሰኝ። እሺ አልኩህ።

የሥርዓቱ ዕለት ለመቆም አቅም ስላጣህ ካህኑ ተቀምጣችሁ ይሁን አለ። እዚሁ ጣራ ላይ፣ አበቦቼ መሐል፣ የዘይት መብራቱን እሳት በመካከላችን አድርገን። ስንት ቀን የለፋሁበትን ቆብ ደፋሁልህ። አንተ ደግሞ ከገበያ ያስገዛኸውን ደፋህልኝ፤ ለቆብ ሰፊ የገበያ ቆብ! ጠበበኝ፣ ግን አላወለቅኩትም። የአበባውን ጉንጉን አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሠርጌ መሰለኝ። ካህኑ «ከዛሬ ጀምሮ የአንዱ እናት የሌላውም እናት፣ የአንዱ ሐዘን የሌላውም ሐዘን፣ ወንድማማቾች ናችሁ» አለ። እናትህ አለቀሱ።

ታናሽ ወንድምህ ዳዲራም ጂፑን ደጅ አቁሞ መጥቶ ነበር። ጣፋጩን ከጠራረገ በኋላ «በሉ እንግዲህ፣ የማጋር ወንድም አገኘን! ለዳሻይን በዓል አሳማ ይዘውልን ይመጣሉ፣ ሚት ዳይ!» አለኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እናንተ ተደብቃችሁ የምትበሉትን እኔ በግልጽ አመጣላችኋለሁ» አልኩት። ካህኑ ሳይቀር ሳቀ።

ማታውኑ እናትህ ፍራሼን ጠቅልለው ወደ ሱቁ አወረዱት። እኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ አንተ ከላይ። ሳንቃው ስስ ስለሆነ ስትገላበጥ ይሰማኛል። ስማችን ቀርቶ በአክብሮት «ሚትጁ» መባባል ጀመርን።

«ሚትጁ፣ ሻይ ይጠጣሉ?»

«ካስቸገርኩዎት ይቅርብኝ፣ ሚትጁ።»

መጀመሪያ በሳቅ ፈረስን። አሻራትና እንኳ «እናንተ ሰዎች፣ የቤተ መንግሥት ሰው ሆናችሁ እኮ» እያለ ይተርበን ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ አለቀና እርስዎው ብቻ ቀረ። ውሃ ሳቀብልህ ጣትህ ጣቴን እንዳይነካ ብርጭቆውን ከሥር ትይዘዋለህ። ምን ልበልህ? ምረጥ ተብዬ መርጫለሁ።

ለደም እጥበቱ ቡትዋል ስንወርድ እናትህ አብረውን ናቸው። አንድ ቀን ቋጥኝ ተንዶ መንገዱ ተዘጋና አውቶቡሱ ቆመ፤ እናትህ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንተ ራስህን ትከሻዬ ላይ ጣልክ።

«አንተ» አልከኝ።

«አቤት።»

«ምንም። አንተ ልበልህ ብዬ ነው።»

ላቅፍህ እጄን ሳነሳ ቀና አልክ። «ይቅርታ፣ ሚትጁ» አልክ። ቀልድ መስሎኝ ፊትህን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ቆረጥኩ፤ ይሄ ሰው መሐላውን ይዟል፣ እኔ ደግሞ ኃጢአት ላይ አልጥለውም አልኩ። መሐላው ለአንተ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይቻለሁና እኔም አጠበቅኩት። አንዳንዴ ለመንካት ሰበብ እያለኝ እንኳ አልነካሁህም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ሚትነቱ ሠራ። «ዘመድ ነህ?» ሲሉኝ «ሚቱ ነኝ» እላለሁ፤ «እንግዲያውስ ይግቡ» ይሉኛል። መርፌው ሲገባ አጠገብህ እቆማለሁ። ይሄው ነው የተከፈለበት እል ነበር ለራሴ።

የመጨረሻውን ቀን ታውቀዋለህ፤ እስከ የት እንደምታውቀው ግን አላውቅም። ትንፋሽህ ከደረትህ ሳይሆን ከጉሮሮህ ነበር የሚወጣው። ከምሳ በኋላ ነው። እናትህ «ልብሱን ልቀይርለት፣ አንተ ውጪ ቆይ» አሉኝ። ወጣሁ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ሮጣ ገባች። ስገባ ዓይንህን ሸፍነውት ነበር።

ዳዲራም በጂፑ ጉልሚ አደረሰህ። ግቢያችሁ በሰው ሞልቶ ቃሬዛው ሲነሳ፣ አንድ ሽማግሌ «ይሄ ማጋር የኛን ቃሬዛ ሊነካ ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። እናትህ ከደጃፉ ሆነው፣ ድምፃቸው እንኳ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ሚቱ ነው። አንሳ ሐስታ» አሉ። አነሳሁ። እስከ ሪዲ፣ ሬሳ እስከሚቃጠልበት ወንዝ ዳር፣ ከትከሻዬ አላወረድኩህም፤ ሊቀበለኝ የመጣውን ሁሉ መለስኩ። እሳቱን አፍህ ላይ የለኮሰው ዳዲራም ነው፣ ወጉ የእሱ ነበር። እኔ እንጨት አቀበልኩ። እዚያው አሸዋው ላይ ራሴን ተላጨሁ። ማንም ዘመድ ነህ ወይ አላለኝም። እንደፈለግከው ሆነልህ።

ከዚያ በረንዳው ላይ ለብቻዬ ጭድ ተነጠፈልኝ፤ ማጋር ስለሆንኩ ከእነሱ ጋር አልቀመጥም። ዳዲራም ውስጥ ጥጉን ይዞ፣ ነጭ ጨርቁን ጠቅልሎ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ጨው የሌለው ሩዝ በቀን አንዴ። ያ ሩዝ ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? ጉሮሮዬ ምንም ነገር እንዲጣፍጠው አልፈልግም ነበር።

በአምስተኛው ቀን እናትህ በቅጠል ላይ ሩዝ፣ በመዳፋቸው ጨው ይዘው መጡ።

«ይበቃል ልጄ። የሚት ሐዘን አምስት ቀን ነው።»

«እኔ አልጨረስኩም፣ እማማ። ከዳዲራም ጋር አሥራ ሦስቱን የወንድም ሐዘን ቀን እጨርሳለሁ። ነጩንም ዓመቱን እለብሰዋለሁ።»

ድንች ስትልጥ የነበረችው ሴት ቢላዋዋን አቆመች። ዳዲራም ከጥጉ ሆኖ ሰማኝ።

«ሚት ዳይ» አለ፣ በትሕትና፣ አሳምሮ። «ዓመት ነጭ የሚለብስ ልጅ ነው፤ አለዚያም ሚስት ናት። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሐዘን ቤት ስለሆነ አፋቸውን ይዘው ነው የሳቁት። ለዳዲራም አንድ ሺህ መልስ ነበረኝ፤ እኔን ታውቀኝ የለ? ግን አንዱንም ሳልወረውር ወደ እናትህ ዞርኩ። ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉና «አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ። ብላ በሞቴ፣ ስሙን በክፉ አታስነሳው» አሉኝ በጆሮዬ። ስምህ እንዳይነሳ ብዬ በላሁ። ዳዲራም አየኝ። ዋጥኩት።

ነጩን አውልቄ፣ የመጣሁበትን ሸሚዝ ለብሼ ልወጣ ስል እናትህ ከላም በረቱ ጀርባ ጠሩኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት አርጅተዋል።

«ያን ቀን ውጪ ቆይ ያልኩህ…» ብለው ጀመሩ።

«ልብስ ሲቀይሩለት።»

«ልብስ አልቀየርኩለትም።»

አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«‹እማዬ፣ ሐስታ ይምጣና አጠገቤ ይተኛ፤ ትንሽ ብቻ› አለኝ። ‹ሚትህ ነው፣ ነውር ነው፣ ምለሃል› አልኩት። ‹መሐላውን የማፈርሰው እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱም የኔ ይሁን፣ ጥሪልኝ› አለኝ። እንቢ ስለው ሊጠራህ አፉን ከፈተ። ነርሷ ትሰማለች ብዬ ፈራሁ። በሻርፔ አፉን ያዝኩት፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሕፃን እሽሽ እያልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

እጃቸውን ያዩ ነበር።

«ይቅር በለኝ ልጄ። እኔ እኮ ለነፍሱ ብዬ ነው።»

ቁልቁለቱን ወረድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ?» ሲለኝ ነው ድምፅ አውጥቼ እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅኩት። «ማን?» አለኝ።

ታንሴን ከገባሁ ጀምሮ እናትህ በየቀኑ ይደውላሉ፤ አላነሳም ነበር። ዛሬ ጠዋት አነሳሁት።

«በላህ?» አሉኝ።

«በላሁ።»

«ምን?»

«ሩዝ።»

«ከምን ጋር?»

«ከምስር ጋር፣ እማማ።»

ሲያለቅሱ ይሰማኛል፣ እሳቸውም የኔ ይሰማቸዋል፤ ስልኩን ማናችንም አልዘጋነውም። በመጨረሻ «ይቅር አልከኝ?» አሉ። እኔ በኩሌ የሆነብኝን ይቅር ልላቸው እችል ይሆናል፤ ልጃቸውን አጥተዋል፣ ከእኔ ሌላ ስለ አንተ የሚያወሩት ሰው የላቸውም፣ እኔም ከሳቸው ሌላ የለኝም። ያንተን ግን እንዴት ልስጣቸው? አፉ የተያዘው አንተ ነህ። «እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው። ክፉ መልስ ነው። አውቃለሁ። ሌላ አልነበረኝም።

ሎክማኒ፣ አንድ ነገር ብቻ እወቅልኝ። መሐላውን አንተ የምትጠብቀው መስሎኝ ነው የጠበቅኩት። ያ አግዳሚ ከበሩ ክንድ አይርቅም፤ አልተኛሁም፣ የትም አልሄድኩም። ጠርቼው እንቢ አለ ብለህ ሄደህ ከሆነ፣ አልሰማሁህም። ብሰማህ በሩን ገንጥዬ እገባ ነበር። አጠገብህ እተኛ ነበር፣ እናትህ እያዩ፣ ነርሷ እያየች፣ ጉልሚ በሙሉ ተሰብስቦ እያየ።

ሚትህ ያልሆንኩት፣
ያንተው ሐስታ